ልጅቷ የማትነቃበት ቦታ

እርጥብ በርኖስ ሲሸተኝ ዛሬም ደብረ ብርሃን ነኝ። አንተ ልጄ፣ ያን ብርድ አታውቀውም፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ መስኮታችን ይመጣ ነበር። ለአስተማሪነት የምንሠለጥን ልጃገረዶች ነበርን። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ትንሽ የፊልም ማንሻ የነበራቸው ፈረንጅ ነበሩ። ባል እያላት ሌላ ሰው ስለወደደች ሴት የሚተርክ የድሮ የሩሲያ ልቦለድ አምጥተው፣ "ፊልም እናድርገው" አሉን። ንግግሩን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሴትየዋን የሆነችው የአልጋ ጎረቤቴ ነበረች፤ የእነዋሪ ልጅ፣ ዝምተኛ። ካፖርት ስላልነበረን የዘበኛውን በርኖስ ደረብንላት።

ሴትየዋ ጥላት የሄደችውን ልጇን፣ ልጅቷ ተኝታ ሳለች፣ ተደብቃ የምታይበት ቦታ ደረስን። የዘበኛው የስድስት ዓመት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ተኛች። ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ አቅፋት፣ እኔ እንደጻፍኩት፣ "እናትሽ ነኝ፤ መጣሁ" አለች። ከዚያ ያልጻፍኩትን ጨመረች።

"ጥርስሽን ማን ነቀለልሽ? ማን ጣራ ላይ ወረወረልሽ?"

አስተማሪው "በቃ!" አሉ። እሷ ግን ልጅቷን አልለቀቀችም።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ስናጥብ ነገረችኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ፣ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ስሟ ከሌላ ሰው ጋር ሲነሳ ባሏ ልጅቷን አስቀርቶ አባረራት።

"እውነት ነበር?" አልኳት።

"ወድጄው ነበር" አለች።

ቅዳሜ አብሬያት እነዋሪ ሄድኩ። የባሏ እናት የአጥሩ በር ላይ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናትሽ ሞታለች ብለን ነው ያሳደግናት። እባክሽን ልጄ፣ አታስደንግጫት።" ክፋት አልነበረባቸውም፤ የባሰውም እሱ ነው። ልጅቷ ውሃ ይዛ መጣችና ለእንግዳ እንደሚደረገው በሁለት እጇ ሰጠቻት። ጓደኛዬ ጠጥታ ጣሳውን መለሰችላት። "እደጊ" አለቻት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ስንመለስ በተሳፈርንበት የጭነት መኪና ላይ እጄን ያዘችኝ። "የምትጽፊው አንቺ አይደለሽ? ፊልሙ ላይ ልጅቷ ትንቃና 'እማዬ' ትበላት።"

ጻፍኩት። ሰኞ አስተማሪው አነበቡት። ደግ ሰው ነበሩ፤ "ቆንጆ ነው፤ ግን የቀረን ፊልም አይበቃም" ብለው ሰረዙት። ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩት።

ያ ቦታ ልጅቷ ሳትነቃ ተቀረጸ። ጓደኛዬ የተጻፈላትን ብቻ ተናግራ ወጣች። ፊልሙን አስተማሪው አገራቸው ይዘውት ሄዱ፤ አላየነውም። እኔና እሷ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጠያይቀናል። ስለ ልጇ ግን አንሥታልኝ አታውቅም፤ እኔም የልጅቷን ስም እንኳ አልጠየቅኳትም።