የእህቴ አምሮት

በወረታ፣ እርጉዝ ሴት ፊት አንድ ነገር ቀምሶ ለእሷ ሳያቀምሱ መቅረት ከነፍስ ግድያ ቀጥሎ ያለ ወንጀል ነው። አምሮቷ ልጁ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጆሮው ልክ የሽሮ ድስት የመሰለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቱ የጎረቤት ሽሮ ሸትቷት አፍራ ዝም ብላ ነው አሉ። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ስታረግዝ ሰፈሩ በሙሉ የአምሮት ዘበኛ ሆነ።

እህቴ ደግሞ የሩዝ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ናት። ጠጪው ሁሉ «ቅመሽ እንጂ፣ ለሆድሽ ልጅ!» ይላታል። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። መለኪያውን ሞልቼ ከንፈሯ ድረስ አደርስላታለሁ።

«ጋሼ፣ ቃር ሆነብኝ እኮ።»

«ቃሩን የሚያጥበው እሱ ነው!»

ሰባተኛ ወሯ ላይ ሆዷ የጣና ቅርንጫፍ የተከፈተበት ይመስል ነበር። ያኔ ደግሞ «ቅመሽ» ብሎ የሚለምናትም አላስፈለጋት፤ ጠዋት ስትነሳ ራሷ ትቀዳለች።

ልጅቱ ያለ አንዳች ምልክት ተወለደች። እልል አልን። ግን ከአንድ ጫጩት አትበልጥም፤ ጡት መሳብ እንኳ ያደክማታል። እኩዮቿ ጥጃ ሲያባርሩ እሷ ገና መቆም ትለማመዳለች። በሦስት ዓመቷ ሁለት ቃል ብቻ ነበራት፦ «እምቢ» እና «ጋሼ»።

ሰፈሩ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ከአጥራችን ማዶ ሸክላ የምትሠራ ጎረቤት አለች። «ዓይኗ ነው» ተባለ። እኔም በሦስት መለኪያ ድፍረት ገዝቼ ላስጠነቅቃት ሄድኩ። ሴትዮዋ ጭቃዋን ማሸቷን አላቆመችም።

«ስትጠጣ ማን ነበር የሚቀዳላት? እኔ ነኝ?»

«አረቄው የሚወጣበት እንስራ ያንቺ ነው!»

«እንስራው የኔ ነው። እጁ ግን ያንተ።»

በማግስቱ ልጅቱን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ እህቴን «እርጉዝ ሳለሽ ትጠጪ ነበር?» አለቻት። እህቴ እኔን አየች፤ እኔ ጣሪያውን። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ያ ባሰብኝ። የሚያሽር መድኃኒት የለውም፣ ግን ትማራለች፣ አንዱን ነገር ሳትሰለቹና ሳትጮኹባት ደጋግሙላት አለችን።

ደጋገምን። ጫማ ማድረግ ስናስተምራት የርብ ወንዝ ሁለት ክረምት ሜዳውን አጥለቅልቆ ሁለቴ ተመለሰ፤ እኛ ገና ግራ እግር ላይ ነን። እንደ ዝንብ አንድ ቦታ የማታርፈው ልጅ ረግታ የምትቀመጠው ጭቃ ስትይዝ ብቻ ሆነ፤ ያውም «ዓይኗ ነው» ባልናት ሴት ደጅ። ሴትዮዋ ያን ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቱ አምስት ዓመት ሲሞላት እህቴ ዳግም አረገዘች። ማኅበር እኔ ቤት ደርሶ ሳለ አንድ ሽማግሌ መለኪያ ሞልተው ዘረጉላት። «ቅመሽ ልጄ፣ አምሮት እንዳይሆንብሽ።» እጇ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

ዘልዬ ነጠቅኳቸው። «አምሮቱ የኔ ነው፣ ያረገዝኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጨለጥኩት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሽማግሌው ግን ደግመው ሞሉት።

«ያንተን ጠጣህ። የእሷስ?»

ቀልድ ፈለግኩ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ። ልጅቱ በር ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ጋር ትታገላለች።

«አባቴ» አልኩ፣ «የእሷን ድርሻ ያች ልጅ ጠጥታላታለች። የቀዳሁትም እኔ ነኝ።»

እህቴ መለኪያውን ከእጃቸው ተቀብላ ወጣችና ደጅ ላይ ደፋችው። ከዚያ በኋላ እስከወለደችበት ቀን ድረስ አረቄ ብትሸጥም አልቀመሰችም፤ ሰፈሩ ግን ለሚመጣው ምልክት ተጠያቂ እኔን አድርጎ ጠበቀ።

ምልክቱም አልቀረም! ወንዱ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የመለኪያ ቂጥ የምታክል ጥቁር ነጥብ ይዞ መጣ። «አላልንም?» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። ችግሩ፣ ለማሳየት መጀመሪያ ልጁን መያዝ አለባቸው፤ ዓመት ሳይሞላው ይሮጣል። የምትይዝላቸው እህቱ ናት፣ ጫማዋን አጥልቃ። አሁንም ግራና ቀኙን አቀያይራ ነው፤ ነገ እንደግመዋለን።