ጠብ ጠብ ይበል

ቧንቧ ሠራተኛው ሳምንቱን ሙሉ ወገቡን ሳያሳርፍ ሰነበተ። ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ውሃው በረዶ እየሆነ የሰፈሩን ቱቦ ሁሉ ያፈነዳል። እሱም በየቤቱ እየዞረ፣ «ቧንቧችሁን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ! ጠብ ጠብ ይበል፤ የሚሄድ ውሃ በረዶ አይሆንም» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ለፈለፈ። የራሱን ቤት ቧንቧማ ገና ሰኞ ዕለት በትንሹ ከፍቶ፣ «የሚነካው ሰው ወዮለት!» ብሎ ነበር የወጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ሲነሳ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ተተርትሯል። ፍራሹ ርሷል፣ ምድጃው ውሃ ገብቶት ጠፍቷል፣ ትንሿ ልጁ ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጣለች። ደሙ አናቱ ላይ ወጣ።

«ማነው የዘጋው? ማነው ልጄን ሊገድላት የተነሳው?»

ሚስቱ ልጅቷን በካፖርቷ ጠቅልላ እንደያዘች ቀና አለች።

«አንተ ነህ። ትናንት በቁምህ እያንቀላፋህ ስትገባ ጠብታውን ሰማህ፤ ኮትህን እንኳን ሳታወልቅ ሄደህ ጥርቅም አደረግከው። ሃያ ዓመት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲዘጋ የኖረ እጅ!»

«ታዲያ እያየሽ? ምናለ መልሰሽ ብትከፍችው?»

«የሚነካው ሰው ወዮለት አላልክም?»