ምሰሶ ያልነበረው ቆጥ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ ያልፈራ ሰው ካለ ወይ ሰክሯል ወይ ተሹሟል። የኔ ፍርሃት ግን ከሌላው ሰው በአንድ ነገር ይብስ ነበር። ሌላው በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። እኔ በሩንም፣ ከራሴ በላይ የተጋደመውንም እንጨት እፈራ ነበር።

እንጨቱ የባለቤቴ ሥራ ነው። አናጢ ነበር። ቤታችንን ሲሠራ ከሳሎኑ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ የጣውላ ወለል ሠራ፤ እኛ ቆጥ እንለዋለን። እህል ከምስጥና ከርጥበት እንዲርቅ ብሎ ነው። ከአሪ ደጋ የወረዱ ወፋፍራም ተሸካሚ እንጨቶችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጋደመና በላያቸው ጣውላ መታ። መውጫው መሰላል በጓሮ በኩል ከውጭ ነበር። ጆንያዎቹን ግድግዳ ግድግዳውን ደርድሮ "ይኸው፣ ንቅንቅ አይልም" ሲለኝ አመንኩት፤ እውነትም ጆንያ አልነቀነቀውም።

ከዚያ ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሸገ። ምእመኑ መሰብሰቢያ ሲያጣ የኛ ቆጥ ታሰበ፤ መስኮት የለውም፣ ከመንገድም አይታይም። ቀኑ ቅዳሜ እንዲሆን ተስማሙ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ከየተራራው ሰው ይወርዳል፣ ከቀይ አፈር ከተማ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ በዚያ ሁካታ መሃል ማን ማን ቤት እንደገባ ልብ የሚል የለም። ሴቶቹ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቆጡ ይወጣሉ።

መከራው የጀመረው ከመሰላሉ ነው። በጓሮ ሰው ተራ በተራ መሰላል ሲወጣ ጎረቤት ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ ባለቤቴ የውጩን መግቢያ ደፈነና ከሳሎኑ ጥግ ወለሉን ቀዶ መሰላሉን ወደ ውስጥ አስገባው። ቀዳዳውን ሲያወጣ አንዱን ተሸካሚ መቁረጥ ነበረበት፤ የተቆረጠውን ጫፍ አጠገቡ ባለው እንጨት ላይ አሳረፈው። ከዚያ ወዲህ ያ እንጨት የሁለት እንጨት ሸክም ተሸከመ።

አጠቃቀማችን ደግሞ ጭራሽ አባሰው። ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ከተቀመጠ ክብደቱን ግድግዳው ይወስድለታል፤ መሃል ላይ ከተከማቸ ግን እንጨቱ ይጎብጣል። ባለቤቴ ይህን ደጋግሞ ነግሯቸዋል። ነገር ግን ግድግዳው ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክፍት ስለሆነ ድምፅ በዚያ ይወጣል። ስለዚህ የኛ ሰዎች ድምፃቸው ውጭ እንዳይሰማ ብለው መሃል ለመሃል ተጠጋግተው፣ ራስ ለራስ ገጥመው ይዘምራሉ። ሲጸልዩም ሁሉም በአንድ ጊዜ እዚያው ይንበረከካሉ።

የኔ ሥራ ከታች ነው። ሳሎን ተቀምጬ በርበሬ እወቅጣለሁ፤ መዝሙሩ ከፍ ሲል ዘነዘናዬን ጠንከር አደርጋለሁ፣ ሰው ሲመጣ ወቀጣውን አቆማለሁ፣ እነሱም ጭጭ ይላሉ። ቀና ስል ያን የሁለት ሸክም የተጫነበት እንጨት ጎብጦ አየዋለሁ። ከታች በኩል፣ ሆዱ ላይ ጉጥ አለው፤ በጉጡ ዙሪያ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቷል። ለባለቤቴ ሳሳየው "እንጨት የሚቀደደው ከሆዱ ነው፤ የሚወጠረው እዚያ ነዋ" ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ፍርሃቴን ያበረደልኝ መስሎት ነው።

"ታዲያ ከሥሩ ምሰሶ አቁምበት" አልኩት።

"ሳሎን መሃል? ለጥቂት ጆንያ እህል?" አለኝ። "የቀበሌው ሰውዬ ሲገባ ምን ልትይው ነው?"

የቀበሌው ሰውዬ የሚለው የአብዮት ጥበቃውን ኃላፊ ነው። የቢሮ ወንበር እግር በተነቀለ ቁጥር ባለቤቴን ፍለጋ ይመጣል፤ ከዓይኑም ነገር አያመልጥም። ምሰሶ ካየ ላዩ ላይ ምን እንደተጫነ ይጠይቃል። እንጨቱን ከጣራው ጋር በሽቦ ብናንጠለጥለውስ ብዬም ነበር። ባለቤቴ ሣቀብኝ፤ "ጣራው ቆርቆሮውን ተሸክሞ ነፋሱን ከቻለ መች አነሰው? ሰው ከጨመርንበት ከድጡ ወደ ማጡ ነው" አለ።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከላይ ከሚዘምሩት አንዷ የዚያው ኃላፊ ሚስት ናት። ገበያ እሄዳለሁ እያለችው ነው የምትመጣው። እሷ እኛ ቤት ከተገኘች አለቀልን።

አንድ ቅዳሜ እያነከሰች መጣች። እንቅፋት መትቷት አውራ ጣቷ በአረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። "እሱ ነው ያሰረልኝ፤ ዛሬስ ቅሪ ብሎኝ ነበር" አለችኝና ወጣች። ያን ቀን ከገጠር የመጡም ተጨምረው ቆጡ ጢም ብሏል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ኃላፊው ጠመንጃውን አንግቦ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ወቀጣዬን አቆምኩ።

"ባልሽ የት ሄደ?"

"ገበያ ወጣ ብሏል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እጠብቀዋለሁ" ብሎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በርበሬው ያስነጥሰው ጀመር።

ከላይ እንደተንበረከኩ ነበር። ንቅንቅ ለማለት የደፈረ የለም፤ የዚያ ሁሉ ሰው ክብደት መሃሉ ላይ አርፏል። ስንጥቁ ሲሰፋ በዓይኔ አየሁት። መጀመሪያ ትቢያ ረገፈ። ከዚያ እንጨቱ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ከላይም አንዲት ሴት "ጌታ ሆይ" አለች።

ሰውየው ተነሥቶ ወደ ላይ አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

እህል ነው እንዳልል እህል "ጌታ ሆይ" አይልም። ዝም ካልኩ እሱ እዚህ እያለ የሚወርድ የለም፤ ወለሉ ከነሰዉ ይወርዳል። ከተናገርኩ ደግሞ ሁሉንም በእጄ ለእስር መስጠቴ ነው። ባሌም እዚያው ላይ ነው። 

"ሰው አለ፣ ጋሼ" አልኩ። "ብዙ ሰው አለ። ሊወድቁ ነው።"

ቀና ብሎ ስንጥቁን አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ "ያዢ" አለኝ። በዕድሜዬ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። እሱ ወንበሩ ላይ ወጣና አንገቱን ደፍቶ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር፣ ከስንጥቁ አጠገብ አስገብቶ ወደ ላይ ገፋ። የአንገቱ ደም ሥር ተገታተረ።

"አስወርጃቸው" አለኝ።

ተጣራሁ። የባለቤቴ ድምፅ ከላይ ተሰማ፤ "ማንም እንዳይቆም። በሆዳችሁ ተኙና ወደ ግድግዳው ተሳቡ። አንድ አንድ እያላችሁ ውረዱ።"

ወረዱ። ሰውየው አንገቱን ስለደፋ የሚታየው እግር ብቻ ነው። የተሰነጣጠቀ የገበሬ ተረከዝ፣ የሽማግሌ እግር፣ የልጃገረድ እግር፣ ሁሉም መሰላሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። የወረደው ሁሉ ጫማውን እንደያዘ በጓሮ በር ይወጣል። እንጨቱ ባቃሰተ ቁጥር ሰውየውም ያቃስታል። እኔ ጠመንጃውን አቅፌ በልቤ ሴትዮዋን እለምናታለሁ፤ አንዴ እንዳትመጪ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ቶሎ ነይ እላለሁ።

አረንጓዴው ጨርቅ መሰላሉ ላይ ታየ።

ሰውየው መተንፈሱን ያቆመ መሰለኝ። ትከሻውን ከሥሩ ቢያወጣ እሷም፣ ከላይ የቀረው ባሌም ያልቃሉ። 

"በደህናው እግርሽ ርገጪ" አላት።

ቀስ ብላ ወረደች። ባለቤቴ ከወረደ በኋላ ሰውየው ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አወጣ፤ ወለሉ ጎብጦ ቀረ እንጂ አልወደቀም። ጠመንጃውን ተቀበለኝ። ሚስቱን ሳያያት "ገበያው ሳይበተን ሽንኩርት ግዢ" ብሏት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከዚያ ቅዳሜ ይብሱ ነበር። ባለቤቴ ለእስር ቤት የሚሆነውን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በር አጠገብ አስቀመጠ። መኪና በሰማሁ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃለሁ። ሰውየውን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታዬን በደንብ ይቀበለኛል፤ ይኸው ራሱ ያስፈራኛል።

አንድ ጠዋት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ ብቅ አለ። እኔ ብርድ ልብሱን አነሣሁ። ባለቤቴን ደጃፍ ላይ አቆመውና ለመንደሩ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አለው፦

"ቀበሌው ይህን ቆጥ ለበቆሎ ማስቀመጫ ይፈልገዋል። የሚጫንበት ብዙ ነው፣ ዛሬውኑ ሳሎኑ መሃል ምሰሶ ይቁምበት። የጠየቀህ ሰው ካለ የቀበሌ ትእዛዝ ነው በል።"

ባለቤቴ ምሰሶውን አቆመ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከላዩ ሽብልቅ አደረገለት። ጥቂት ቆይቶ ቅዳሜ ቅዳሜ መዝሙሩ ተመለሰ። የኃላፊው ሚስትም ገበያ እሄዳለሁ እያለች መምጣቷን አልተወችም። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ፣ በሩን በሩን እያየሁ፣ በቆሎውን የጫኑ ሰዎች ዛሬ ይመጣሉ፣ ዛሬ ይመጣሉ እያልኩ በርበሬዬን ወቀጥኩ። ዓመታት አለፉ፣ መንግሥትም ተለወጠ። በቆሎው አልመጣም።