ሆን ብዬ አጥብቄ የሰፋሁት

ይሄ የሆነው አምና ክረምት ላይ ነው። ቤቴ ጭር ባለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ጭር የማይልበት ቀን ደግሞ የለም።

ሁለቱም ልጆቼ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እኔ ሆሳዕና ቁጭ ብዬ ከዶሮዎቼ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የጓሮዋን ክፍል ለመሠረት አከራይቼ ነበር። የሀደሮ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለመመረቂያዋ ከእንሰት ቃጫ ጣውላ ትሠራለች። የቃጫ ጨርቅ ትደራርብና በኬሚካል ሙጫ ታጣብቀዋለች።

አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ጣውላውን ጎበጥ ስታደርገው ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል።

«እማማ፣ እንዲህ ከሆነ አልመረቅም» አለችኝ።

«ሙጫ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሊስትሮ እንኳ ሶል ካጣበቀ በኋላ በክር ይሰፋዋል። ይሄን አላስተማሩሽም?»

ሳቀች። ከዚያ ሮጣ መርፌ አመጣች።

ሙጫው ሳይፈስበት ንብርብሩን ከላይ እስከ ታች መስፋት የእኔ ሥራ ሆነ። «አንድ አንድ ጣት እያራራቁ» ብላኛለች። ከሰዓት ከሰዓት አብረን እየተቀመጥን ታወራኛለች፣ አሾፍባታለሁ። ሥራው ሲያልቅ ግን መሄዷ ነው። እናም ሆን ብዬ፣ ጤፍ እንኳ እንዳያሾልክ አድርጌ አጥብቄ ሰፋሁት። ከተበላሸ እንደገና ይሠራል፤ እሷም ትቆያለች።

ተበላሸም። መርፌዬ ቃጫውን በጣጥሶት ኖሮ፣ ስትጫነው ቋ ብሎ ተሰበረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ። በደንብ አላሳየሁዎትም» ብላ አለቀሰች።

ተንኮሌን ሳልነግራት ቀረሁ። በማግስቱ በጣቴ እየለካሁ በደንቡ ሰፋሁላት። ሙጫው ደርቆ ስትጫነው ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ስፌት ጋ ሲደርስ ቆመ። «ያዘ! ያዘ!» እያለች አቀፈችኝ። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ሄደች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን በስልክ እየነገርኳት የምትጽፈው ራሷ መሠረት ናት። ሆን ብዬ ማበላሸቴን የሰማችው ገና አሁን ነው። መጻፏን አቆመች።

«ጻፊው እንጂ፣ እጅሽ ተሰበረ?» አልኳት።

«እማማ፣ ቆዪልኝ ቢሉኝ እኮ እቆይ ነበር» አለችኝ።

ልጆቼንም የሸኘኋቸው እየቀለድኩ ነው፤ ቆዩልኝ አላልኳቸውም።