በመናኸሪያው አጥር ላይ የተሰቀለው እግር

ሙሉሐረግ ፎቶዋን ያየችው ከሶዶ ሰው ሁሉ ኋላ ነው። ባነሩ መናኸሪያው አጠገብ ባለው አጥር ላይ ሲሰቀል እሷ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ለምትሸጠው ዳጣ የሚሆን ቃሪያ ታጥብ ነበር። ያን ቀን ጠዋት የደንበኞቿ ሰላምታ አጠረባት። አንዷ ዕቃዋን ካቀበለች በኋላ ቦርሳዬን ረሳሁ ብላ ሳትገዛ ተመለሰች። ሌላዋ እያወራች ዓይኗ ከሙሉሐረግ ቀሚስ ጫፍ አልነሣ አለ። ነገሩን የነገራት ቶማ ነው፤ ከገበያ ቃሪያና ዝንጅብል በባጃጁ የሚያመጣላት ሰው። ጆንያውን አውርዶ መሄድ አቃተውና በሩ ላይ ቆመ። መሬት መሬቱን እያየ፣ መናኸሪያው ጋ ትልቅ ፎቶ እንደተሰቀለ፣ ፊቱም የእሷን እንደሚመስል ነገራት።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ በዚያው ባጃጅ ሄደች።

ፎቶው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከፊት ሁለት እግሮች አሉ፤ ከጉልበት በታች አብጠው፣ ቆዳቸው ጠንክሮና ተሰነጣጥቆ፣ ጣቶቻቸው በእባጭ ተውጠው። ከእግሮቹ ኋላ አንገቷን የደፋች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ከላይ «የተረሱት» ይላል። ከታች ደግሞ «ዝሆኔን በጋራ እናጥፋ»። ፊቷን መሸፈን እንኳ አላስፈለጋቸውም። ከአረካ የመጣ ሚኒባስ ተሳፋሪ እያወረደ ነበርና የወረደው ሁሉ ቀና ብሎ አይቶ ፊቱን እያጨማደደ ያልፋል። አንዲት ሴት የልጇን ዓይን በመዳፏ ሸፈነች።

ከመንገደኛው ማንም አላወቃትም። ሙሉሐረግ የቆመችበት እግር ጥቁር ካልሲና የቆዳ ጫማ ያደረገ፣ የማንኛዋንም የገበያ ሴት እግር የሚመስል ነው። ፎቶው የተነሣው እሷ ከማግባቷ በፊት ነው። አሁን ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

የተወለደችው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት የገበሬ መንደሮች በአንዱ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲዘንብ እግር ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይቦናል። በቤታቸው ጫማ የሚያደርገው አባቷ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ። በዚያ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የኖረ አንዳንድ ሰው እግሩ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት ቢኖር እንኳ፣ ከልጅነቱ ጫማ ያልተለየውን ሰው አይነካውም። ይህን ያኔ የነገራት የለም። የነገሯት ድግምት ተሻግረሻል፣ እባብ ረግጠሻል፣ የእናትሽ ወገን ነገር ነው የሚል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለች እግሯ ማታ ማታ ይለበልባት ጀመር። ቀጥሎ አበጠ፣ ቀጥሎ ማዥት ያዘ፣ ሽታም አመጣ። መምህሩ አየር እንድታገኝ ብሎ በሩ ጥግ አስቀመጣት። አየሩ ለማን እንደታሰበ ስለገባት ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎችም መጥተው ነበር፤ ስለ እግሯ ከሰሙ በኋላ እምቢ እንኳ ሳይሉ ቀሩ። ታላቅ ወንድሟ ይስሐቅ ሲያገባ፣ የሙሽራዪቱ ዘመዶች ሳይሄዱ እንዳትወጣ ተብላ ከቤት ጀርባ፣ እንሰቱ መሃል ባለች ጎጆ ተቀመጠች። ዘፈኑን ከዚያ ሆና ሰማች። እናቷ ሥጋና ቆጮ በሳህን ይዛላት መጣች። ሙሉሐረግ ሳህኑን ገለበጠችው። እናትየዋ ሳትቆጣ የፈሰሰውን ለቅማ ወጣች፤ ሙሉሐረግ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያናድዳት ይኸው አለመቆጣቷ ነው ትላለች። እናቷ ራሷ ትክክል እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

እናቷ ናት ኋላ ወደ ዱቦ አቅጣጫ ወዳለ አንድ የሚስዮን ክሊኒክ የወሰደቻት። እዚያ ያለች ነርስ ጓንት ሳታደርግ እግሯን ይዛ አጠባበቁን አሳየቻት፦ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ባለው ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል። መድኃኒቱ ያ ነው። ሙሉሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው፤ በደስታ ግን አልነበረም። ሳሙናና ውሃ ያን ያህል የሚያደርግ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ምን ሲሠራ እንደኖረ ሊገባት ስላልቻለ ነው።

ፎቶው የተነሣው በዚያ ሰሞን ነበር። ክሊኒኩን የሚረዳ አንድ ድርጅት ካሜራ ይዞ መጣ። ሐኪሞች እንዲማሩበት ነው አሏት፤ ትፈቅጃለሽ ወይ ብለውም ጠየቋት። እሺ አለች። ማን እምቢ ይላል? ሳሙናውም፣ ቅባቱም፣ ፋሻውም በእነሱ እጅ ነው።

እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ። ክሊኒኩ ሰፋፊ ጫማ የሚያሠራው ሶዶ የሚገኝ ጌታሁን የሚባል ጫማ ሰፊ ዘንድ ነበር፤ አያቶቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ በቆዳ ሥራ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጌታሁን ካርቶን መሬት ላይ አንጥፎ፣ ተንበርክኮ፣ በእርሳስ እግሯን ዙሪያውን ነደፈ። አፍንጫውን አልያዘም። ቀኙ ሰፋ ስለሚል ሁለቱን በተለያየ ልክ እንደሚሠራው ብቻ ነገራት። እግሯ በጎደለ ቁጥር የቀድሞው ጫማ ስለሚሰፋት ደጋግማ መጣች፤ ኋላ ላይ ጫማው ባይሰፋትም መምጣቷን አልተወችም። እንዳያገባት እናቱ አልቅሰው ነበር። እሱ ግን ሐሳቡን አልቀየረም፤ ተጋቡ።

ሶዶ ከገባች በኋላ ዳጣ መሥራት ጀመረች። ቅመሙን የምታመጣጥነው በአፍንጫዋ ነው። ቀስ በቀስ ስም አወጣች። ፅዮን የምትባል ጎረቤቷ ጥሬ ሥጋ ቤት አላት፤ ሥጋዋ የሚበላው በሙሉሐረግ ዳጣ ነበር። ሁለቱ በለቅሶም በደስታም የማይለያዩ፣ እኅት እኅት የሚባባሉ ሴቶች ናቸው። ሙሉሐረግ ስለ እግሯ ነግራት አታውቅም። ማታ ማታ በሩን ዘግታ ታጥባ፣ ቀብታ፣ ጠቅልላ ትተኛለች። ጠዋት እንደማንም ሰው ትወጣለች። እንደማንም ሰው መውጣትን ነው ስትሠራ የኖረችው፤ ባነሩ ያን ሁሉ በአንድ ጠዋት ገፈፈው።

ፅዮን በማግስቱ ዳጣ አልወሰደችም። ሰዉ ዘንድሮ ዳጣ ቀንሷል አለች፤ እጇን ግን ከነጠላዋ አላወጣችም። ከዚያም በሚቀጥለው ቀን አልወሰደችም። የተዘጋጀው ዳጣ ጎምዝዞ ተደፋ።

ልጇ ሚስጥር አንድ ማታ ከዩኒቨርሲቲ ሳትናገር መጣች። ተማሪዎቹ ፎቶውን በቴሌግራም ተቀባብለውት ስልኳን ዘግታ ነበር የሰነበተችው። የእናቷን እግር ከልጅነቷ ጀምሮ ስታጥብ ኖራለች፤ እንደዚያ ሆኖ እንደነበር ግን አታውቅም። ሳፋውን አቅርባ ተቀመጠች። ፍቅረኛዋ የሆነ ልጅ፣ ነገሩ የዘር ነው ወይ ብሎ እንደጠየቃት ነገረቻት።

ሙሉሐረግ ምን እንዳለችው ጠየቀቻት።

«ከአፈር ነው፤ ከፈራህ ጫማህን አታውልቅ አልኩት» አለች ሚስጥር። ከዚያ ወዲያ ልጁን አላነጋገረችውም።

ሙሉሐረግ አቤቱታዋን ይዛ ወጣች። ቀበሌው ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ላካት፤ ጤናው ባነሩ የእኛ አይደለም፣ የድርጅት ነው አለ፤ ድርጅቱም ያኔ ፎቶዋን ያነሣው ነው። ድርጅቱ ጋ ባነሩ በተሰቀለለት በዝሆኔ ቀን በዓል ዝግጅት ላይ ናቸውና ነገ ይምጡ ተባለች። በነጋታው አስተባባሪውን አገኘችው፤ ፋኑኤል ይባላል፣ ትሑት የሚመስል ወጣት ነው። ወንበር ሳበላት፣ ውሃ አስመጣላት። ሙሉሐረግ ቤቷ የምትናገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ስትናደድ ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅላለች። ያን ቀን ግን ቃል አልጠፋትም።

«እናቴ፣ ፎቶው ሲነሣ እኮ ፈቅደው ነበር» አለ ፋኑኤል።

«ለሐኪሞች ነው ያላችሁኝ።»

«ሕዝቡ ካላየ አይነቃም፣ እናቴ።»

«እናትህ ብሆን እዚያ ትሰቅለኝ ነበር?»

ፋኑኤል የውሃውን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ከዚያ መፍትሔ ያለውን ነገራት። በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ትውጣ፤ የአሁኑ እግሯ ፎቶ ይነሣና ከቀድሞው ጎን ይሰቀል፤ ለሌሎች ተስፋ ትሆናለች፤ ቲሸርትም አለ። ባነሩ ግን በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ አይወርድም፤ በጀቱም ቦታውም ከላይ የጸደቀ ነው።

ሙሉሐረግ ውሃውን ሳትቀምስ ተነሣች። ኋላ ስታወራው፣ ሰውዬው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር ትላለች። ክፉ አልነበረም። ሲያናግራት ሁሉ ዓይኑ የሚያየው እግሯን እንጂ እሷን አልነበረም፤ የታመመው ተስፋ አስቆራጭ እግር፣ የዳነው ተስፋ ሰጪ እግር። በመሃል ያለችው ሴት ለምንም አልተፈለገችም።

ቤቷ ገብታ የጌታሁንን የቆዳ ቢላ አነሣች። ጌታሁን አያት። የት ነው አላላትም፣ ተይ አላላትም። የሚሰፋውን ጫማ አስቀምጦ በርጩማውን በብብቱ ይዞ ተከተላት።

የገበያ ቀን ነበር፤ መናኸሪያው በሰው ተሞልቷል። ጌታሁን በርጩማውን አጥሩ ሥር አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው። ሙሉሐረግ ወጥታ መጀመሪያ ፊቷን ቆረጠች። ዙሪያውን፣ ጫማ ሲቆረጥ እንዳየችው፣ ሳትቸኩል ቆረጠችና አጥፋ በጉያዋ ከተተችው። ከዚያ እግሮቹን ከላይ እስከ ታች ተረተረቻቸው። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ አብዳለች አለ። አንዲት አሮጊት በወላይትኛ እንዲተዋት ገሠጹት። ጥበቃው ፖሊስ ጠራ።

ጣቢያው ላይ መርማሪው የማንን ንብረት እንዳጠፋች ጠየቃት። ሙሉሐረግ ከጉያዋ የታጠፈውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህ የማን ነው?» አለችው።

ፖሊሱ ፎቶውን አየ፤ እሷን አየ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አመሻሹ ላይ ወደ ቤትሽ ሂጂ ተባለች። ድርጅቱ ክሱን ትቷል አሏት፤ በበዓሉ ዋዜማ እንዲህ ያለ ወሬ እንዲወጣ አልፈለገም።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ሰው አንድ ካርቶን ሳሙና በድርጅቱ ስም አምጥቶ ሱቁ በር ላይ አስቀመጠላት። ይቅርታ የሚል ቃል አልያዘም። ሳሙናው ያስፈልጋታል፤ ዕድሜ ልኳን ያስፈልጋታል። ቢሆንም መለሰችው። ደንበኞቿ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ እስከ ዛሬ መንገድ ይሻገራሉ። ፅዮን የሆነውን ሰምታ፣ የሥጋ ቤቷን ሠራተኛ ልካ እንደ ድሮው ዳጣ አስጠየቀች። ሙሉሐረግ ወደ ራሷ ወደ ፅዮን ሄደች፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ተመጋቢው እየሰማ ነገረቻት።

«ያኔም የሠራሁት በእጄ ነበር፤ በእግሬ አልነበረም።»

ፅዮን አለቀሰች። ሙሉሐረግ አላባበለቻትም። ዳጣውንም አልሸጠችላትም። ሰዎች ይብቃሽ፣ እርሺው ይሏታል። እሷ ደግሞ የምትረሳው መጀመሪያ በደሏን የሚያስታውስላት ሰው ሲገኝ እንደሆነ ትነግራቸዋለች።

ከዚያ በኋላ አንዲት ዘማሪ የምትባል ሴት ከአረካ መጣች። እግሯ አሁንም ያበጠ ነው፤ ከሚኒባስ ወርዳ ሱቁ እስክትደርስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር። የእሷም ፎቶ አረካ ተሰቅሏል። ከተሰቀለ ጀምሮ ገበያ አልወጣችም፤ አማቷም ልጅ እንዳታቅፍ ከልክለዋታል። የሶዶውን ሰምታ ነው የመጣችው፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ለመጠየቅ።

ሙሉሐረግ ወንበር ሰጠቻት፤ ጌታሁንን ጠርታ እግሯን አስለካቻት። ከዚያ ሱቁን ዘግታ ከሴትዮዋ ጋር አረካ ሄደች።

ሲደርሱ አጥሩ ባዶ ነበር። የተቆረጠ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ የሚሠራ ሊስትሮ፣ የድርጅቱ መኪና ጠዋት መጥቶ ጠቅልሎት እንደሄደ ነገራቸው። ዘማሪ ተንፈስ አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፤ መንገድ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቀችም።

ሙሉሐረግ አልሳቀችም። የድርጅቱ ሰዎች ዘማሪ ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር ያውቃሉ። ሊሰቅሏት ሲፈልጉ ፊቷን ከነስሟ አግኝተውታል። ሲያወርዱት ግን በሯ ድረስ ሄዶ አውርደነዋል፣ በድለንሻል የሚላት አንድ ሰው አልነበረም። ሊስትሮውን መኪናው በየት በኩል እንደሄደ ጠየቀችው።