በቆርቆሮ የተተከለው አጥር

ዝናብ የጠጣ የዛገ ቆርቆሮ የራሱ ሽታ አለው፤ አፈር አፈር ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ደም ደም ይላል። ላፍቶ መንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ጣሳዎቻቸውን በደረደሩበት ባለፍኩ ቁጥር ይኸው ሽታ ይይዘኝና፣ ታክሲ የምጠብቅ የልጆች እናት መሆኔን አስረስቶ፣ ነፋስ ስልክ ከነበረችው የጭቃ ቤታችን መስኮት ሥር ያቆመኛል።

እዚያ መስኮት ላይ የእማዬ በለስ ነበረች። ያመጣላት አባዬ ነው። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ወሩን የሚጨርሰው መንገድ ላይ ነበር፤ ጦርነቱ አልቆ የሰሜኑ መንገድ ሲከፈት ጭነት ይዞ ወደ አዲግራት ሄደ። የእማዬ አገር ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እናቷ የሞቱት መንገዱ ዝግ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ መርዶው የደረሳት ከተቀበሩ ከዓመት በኋላ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ታናሽ ወንድሜን ኪሮስን አርግዛ ከባድ ወሯ ውስጥ ገብታ ስለነበር ያን ሁሉ አገር በመኪና መሄድ አልቻለችም። አባዬ ብቻውን ሄዶ መቃብራቸውን አይቶ ወደ ቤታቸው ቢያዘግም፣ ጣሪያው ወድቆ የግድግዳውንም ድንጋይ ጎረቤት ወስዶት አገኘ። የቀረው የበለስ አጥራቸው ብቻ ነበር። ከዚያ አጥር አንድ ቅጠል ቆርጦ፣ ቅጠል ይባል እንጂ እንደ ጫማ ሶል የወፈረ ነው፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ አመጣላት።

እማዬ ጋዜጣውን ስትፈታ አላለቀሰችም። እሾሁ እየወጋት ጭኗ ላይ አስቀምጣው ብዙ ከቆየች በኋላ፣ «ይሄ የበር በኩሉ ነው ወይስ የጓሮው?» ብላ ጠየቀች። አባዬ የበሩ ነው አላት።

የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ አፉን ቆርጣ፣ አፈር ሞልታ ተከለችው። ቂጡን ግን አልበሳችውም፤ ያን ያህል ርቀት ተጉዞ ለመጣ ተክል የሚሰጥ ውሃ በከንቱ ሲፈስ ማየት አልፈለገችም። በጋውን በሙሉ የእማዬ ሥራ በለሷን ማስታመም ነበር። ጠዋት ፊቷን ታጥባ የተረፈውን ውሃ ታጠጣት፣ አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ፀሐይ ወዳለበት ታዞራት ነበር። አገሯ ላይ በለስን ማንም አጠጥቶት እንደማያውቅ፣ ከድንጋይ ላይ በቅሎ አህያ ሲታከክበት እንደሚኖር የነገረችን ራሷ ናት፤ ይህን እየነገረችን ታጠጣት ነበር። ኪሮስ መዳህ ሲጀምር አንድ ቀን በሁለት እጁ ጨበጣትና ግቢውን በጩኸት ሲሞላው፣ እማዬ መጀመሪያ አገላብጣ ያየችው በለሷን ነበር፤ ወረንጦ ፍለጋ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

በአንድ ግቢ አብራን የምትኖረው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ እያየች መሳቅ አይታክታትም ነበር። ሰው አበባ በጣሳ ይተክላል እንጂ አጥር በቆርቆሮ ሲተክል አይታ እንደማታውቅ ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች። እማዬ ግን አትቆጣም ነበር። ፍሬ ስታፈራ ያን ጊዜ እንተያያለን ትላትና፣ ወደ እኛ ዞራ የአያታችሁን ደጅ ትቀምሳላችሁ ትለን ነበር። እኛ ደጅ እንዴት እንደሚቀመስ ባይገባንም ምራቃችንን እንውጥ ነበር።

ክረምት ሲገባ አባዬ ዝናብ እንዳይነካት አስጠንቅቆ ስለነበር በለሷ ከቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ከረመች። ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ሆነ። የዚያን ዕለት ዝናብ ጸበል ነውና የግቢው ልጆች ሁሉ ልብሳችንን አውልቀን እንዲያሳድገን ሩፋኤልን እየለመንን ስንጨፍር፣ እናቶቻችን ደግሞ ሊጥ የሚያቦኩበትን ውሃ ለመያዝ ባልዲና ሳፋ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ደርድረው ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና ገባች፤ ስትወጣ ቆርቆሮዋን አቅፋ ነበር። ለልጆች የሚሆን ጸበል ለእሷስ ምን ይላታል ብላ መካከላችን አስቀመጠቻት። በለሷን ከበን እሷንም እንዲያሳድጋት ለመንን። ዝናቡ እስከ ማታ አላቆመም፣ እማዬም ጸበሉን መድፋት ስለፈራች ቆርቆሮው እንደሞላ ተወችው።

አደይ ሲፈነዳ በለሷ ከሥሯ ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ለሰለሰች፣ ከዚያም እንደ ከረመ ዱባ ሸተተች። አንድ ጠዋት እማዬ ቀና ላድርጋት ብላ ስትይዛት ተገንጥላ እጇ ላይ ቀረች። ከዚያ በፊትም በኋላም ከእማዬ አፍ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን እየጎተተች፣ ጫማም ሳታደርግ ደረሰች።

«ለተ፣ ማን ሞተ?» አለች እማዬን በስሟ ጠርታ።

«እናቴ» አለች እማዬ።

ያቺ መሳቅ የማይታክታት ሴት ያን ዕለት አልሳቀችም። መሬት ላይ ከእማዬ ጎን ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የማታውቃቸውን ሴትዮ ስማቸውን እየጠየቀች አለቀሰችላቸው። ከየቤቱ የመጡትም ምን ሆነ ሳይሉ ተቀመጡ። ለአያቴ ነፋስ ስልክ ላይ የተለቀሰላቸው ያን ጠዋት ነው። ኋላ ላይ እትዬ ዘነበች የበሰበሰውን ስታገላብጥ፣ ጫፉ ላይ ከወጡት ለጋዎች አንዷ ጠንካራ መሆኗን አየች፤ እማዬም እሷን ቆርጣ ጥላ ውስጥ ካደረቀቻት በኋላ፣ ከግቢው አጥር ውጭ፣ የፈረሰ ድንጋይና ጠጠር ከተከመረበት ተከለቻት። ከዚያ ወዲያ ውሃ አልሰጠቻትም። በአጠገቧ ስታልፍ እጇን ከነጠላዋ ሥር ትደብቅ ነበር፤ እኔ እንደዚያ ያለ ከባድ ጾም አላየሁም።

በለሷ አደገች። ክረምት ከበጋ እየተፈራረቀ ከእኔ ቁመት ደረሰች፣ ቢጫ አበባ አወጣች፣ ኪሮስ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ጥቂት ፍሬ ቀላ። አባዬም ደርሶልን ነበር። እማዬ ፍሬዎቹን በቅጠል ጠርጋ እሾሃቸውን ካረገፈች በኋላ፣ አንዱን ሁለት ጫፉን ቆርጣ፣ ወገቡን ሰንጥቃ ልጣጩን እንደ ካፖርት አወለቀችው። መጀመሪያ መቅመስ የእሷ ድርሻ እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ገብቶናል። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፤ እኛ አፍ አፏን እናያለን። ዓይኗን ስትገልጥ ወደ አባዬ አየች።

«አይደለም» አለች። «የኛ ቤቱ አይኮመጥጥም።»

አባዬ አፈሩ ይሆናል፣ ብርዱም አለ፣ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት እያለ ሊያጽናናት ሞከረ። እማዬ ግን የቀሩትን አንድ በአንድ እየላጠች መዳፋችን ላይ አስቀመጠችልን።

«ብሉት» አለች፣ «ይሄ የናንተ ነው።»

በላን። ይኮመጥጥ ነበር፣ ዘሩ ጥርስ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ጭማቂው ክርናችን ድረስ ይወርድ ነበር፣ እኔም ከዚያ የሚበልጥ ነገር በልቼ አላውቅም።

ግቢያችን ከፈረሰ ቆየ። ሕንፃ ቆሞበታል፤ እማዬም ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ክረምት ሲመጣ ከሰሜን የሚጫነው በለስ ላፍቶ ድረስ ይመጣል፣ በጋሪ ላይ ተከምሮ እዚያው ተልጦ ይሸጣል፣ እኔም ለልጆቼ እገዛለሁ። ማር ነው። እማዬ ዓይኗን ጨፍና የፈለገችው ይህንኑ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፣ ቀምሳ ባየችው ብዬም እመኛለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። ልጆቼ ምነው አልጣፈጠሽም ወይ ሲሉኝ፣ የኛ ቤቱ ይኮመጥጥ ነበር እላቸዋለሁ።