የሚስተር ሙርቲ የወደብ አገር

የብርጓል የሸበተችው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ ስታስተምር ነው። ማዕበል እንዴት እንደሚነሣ፣ ዝናብ ያዘለ ነፋስ ከውቅያኖስ ተነሥቶ እንዴት ጮቄ ተራራ ድረስ እንደሚመጣ ስታስረዳ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ውኃ ሲባል ያየችው ዓባይንና ጣናን ነው፤ ከዚያ አላለፈችም።

ትምህርቱን ያስወደዷት ሚስተር ሙርቲ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ደርግ በገባ ሰሞን፣ እሷ ከደምበጫ መጥታ ቤት ተከራይታ ስትማር፣ እሳቸው ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርገው ክፍል ይገባሉ። የማርቆስ ብርድ ጠላታቸው ነበር። ካርታ በሰቀሉ ቁጥር ጣታቸው ህንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ወዳለች አንዲት ነጥብ ትሄዳለች። ቪሳካፓትናም ትባላለች፤ የተወለዱባት ወደብ ናት። ኮረብታ ላይ ስለተሠራው ቤተ መቅደስ፣ ባሕሩን ቁልቁል እያዩ ዓለት ፈልፍለው ስለኖሩ መነኮሳት ሲያወሩ የደወሉን ድምፅ እንኳ አይሰሙም። “አንድ ቀን መጥታችሁ ታያላችሁ” ሲሉ ተማሪው ይስቃል። የብርጓል ግን አትስቅም፤ የምር ታደርገዋለች።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ልጇ ወንድምአገኝ የዶክትሬት ትምህርት ዕድል አገኘና ወደዚያችው ከተማ ሄደ። ብዙ መምህራን ለትምህርት ህንድ ስለሚሄዱ ለሌላው ሰው ምንም አልነበረም። እሷን ግን እንቅልፍ ነሳት።

“ሚስተር ሙርቲን ፈልግልኝ” አለችው በስልክ።

“እማዬ፣ እዚህ እኮ ሙርቲ የሚባለው ሰው ለቁጥር ያስቸግራል!”

“ጎጃም ያስተማረ ሙርቲ ግን ብዙ አይኖርም። ጠይቅ እንጂ!”

ጠየቀ። አንዱ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ወደ ሌላው እየመራው፣ ከሰው ሰው ሲንከራተት ከርሞ አገኛቸው። መምህሩ ካረፉ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ሳቪትሪ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ማርቆስ አብረዋቸው የኖሩ ሴት ናቸው። “ተማሪው ከሆነችማ ትምጣ” አሉ።

ከመሄዷ በፊት የንስሐ አባቷን አማከረች። “አባ፣ ሌላ እምነት ያለው ሕዝብ የሚሰግድበትን ግቢ ብረግጥ ይፈረድብኛል?”

አባ ወልደ ሩፋኤል ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። “ለማየት ነው ወይስ ለመስገድ?”

“ለማየት ነው፣ አባ።”

“እንግዲያማ እዪ። የሰው አገር አክብረሽ ግቢ፣ ሃይማኖትሽን ይዘሽ ውጪ።”

የሳቪትሪ ቤት ከባሕሩ ብዙም አይርቅም፤ ባሕሩ ግን በሕንፃ ተጋርዶ ከዚያ አይታይም። በሩን የከፈቱት ነጭ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ያሰሩ፣ አረንጓዴ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ናቸው። የብርጓልን ከነጠላዋ እስከ ጫማዋ አዩዋትና በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየረገጡ፣ “ይሄ በርበሬ ያቃጥላል?” አሏት።

ሳቪትሪ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። “አማርኛ የተማርኩት ማርቆስ ገበያ ነው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኛል። ይቺ ብቻ ቀርታለች።” ተቃቀፉ። የተቀባበሉትን ሰላምታ ወንድምአገኝ ቆሞ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በማግሥቱ ሦስቱ ሚስተር ሙርቲ ያወሩለት ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ሲምሃቻላም ኮረብታ ወጡ። በሩ ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያወልቅ የብርጓል ማንም ሳይነግራት አወለቀች፤ ነጠላዋንም አጣፋች። ግድግዳው ላይ ዝሆን፣ ፈረስ፣ አበባ፣ ሐረግ ተቀርጿል፤ ባዶ የቀረ ድንጋይ ያለ አይመስልም። የድንጋይ ሠረገላ የሚስቡ ፈረሶች ትንፋሽ ያላቸው ይመስላሉ። እጇን ዘርግታ ልትነካ አለችና ተወችው። እንዲህ ያለ ጥበብ ለማየት ውኃ ተሻግራ መምጣቷ ምንም አላስቆጫትም።

አንዱን ዓምድ ሰዎች ተራ ይዘው ያቅፉታል። “ልጅ የሚለምኑ አሉ፣ ጤና የሚለምኑ አሉ” አሉ ሳቪትሪ። “ውስጥ ያለው የአምላካችን ምስል ዓመቱን ሙሉ በተፈጨ ሰንደል እንጨት ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። የሚገለጠው በዓመት አንድ ቀን ነው። መግባት ትፈልጊያለሽ?”

“እኔ እዚህ ልጠብቅዎት” አለች የብርጓል። “የኛም ታቦት ከሰው ዓይን የተሸሸገ ነው። መሸፈን ክብር መሆኑ ይገባኛል።”

ሳቪትሪ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ገቡ። እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ የእጣኑ ሽታ እያወዳት፣ ከየመንደሩ የመጣውን ሕዝብ ስታይ ቆየች። ስለት ያለበት፣ ሕፃን የታቀፈች፣ ሽማግሌ የሚደግፍ። የንግሥ ቀን መሰላት።

በሌላ ቀን ቶትላኮንዳ ወሰዷት። የቡድሃ መነኮሳት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖሩበት ኮረብታ ነው። የጸሎት ቤታቸው መሠረት፣ ዓለት ፈልፍለው የሠሩት የውኃ ጉድጓድ፣ የተቀመጡባቸው ጠባብ ክፍሎች ሁሉ ይታያሉ። ዞር ስትል ባሕሩ ነው። ከእግሯ ሥር ተነሥቶ ሰማይ እስኪነካ፣ ሰማያዊ፣ ወሰን የሌለው። ለስንቱ ተማሪ ያስረዳችው ማዕበል መጣና ተሰበረ፣ መጣና ተሰበረ። ሳቪትሪም መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

ሲወርዱ ሳቪትሪ፣ “የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደህና ናቸው?” ብለው ጠየቁ። “ባሌ በደረስንበት ሰሞን ወስዶኝ በር ላይ ቆምን። አንድ ቄስ በእጃቸው ጠርተው ሁሉንም አሳዩን። አገሩን የወደድኩት ያን ቀን ነው። እስቲ ስለ ሌላው ንገሪኝ፤ ያኔ ያላየነው ምን አለ?”

የብርጓል መንገዱን ሙሉ ስለ መርጦ ለማርያም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ድንጋዩ ላይ ስለተፈለፈሉት አበቦች፣ ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አወራች። ስታወራ ጣቷ አየሩ ላይ ካርታ ይሥላል። ወንድምአገኝ እናቱን እንዲህ ደምቃ አይቷት አያውቅም።

ከተመለሰች በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የቀድሞ ትምህርት ቤቷን ርዕሰ መምህር አለበልን አስፈቅዳ፣ ተማሪዎችን ሰብስባ፣ አውቶቡስ አስይዛ መርጦ ለማርያም ወሰደቻቸው። ብዙዎቹ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ተወልደው እግራቸው አልረገጠውም። በፍርስራሹ መካከል አቁማ፣ “አትቸኩሉ። መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ እንነጋገራለን” አለቻቸው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አንዷ ልጅ ጠጋ ብላ አንገቷን አቅንታ አንድ የድንጋይ አበባ ስታይ ቆየችና፣ “ቲቸር፣ ይሄን የሠራው ሰው ስሙ ማን ነው?” አለች።

“አላውቅም” አለች የብርጓል። “ነይ፣ ካህናቱን እንጠይቅ።” እጇን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተራመደች፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።